ከውሉ ዘመን በፊት ቤት የሚለቅ ተከራይ
(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



በከተማ ለሚኖር ሰው፣ ይልቁንም ደመወዙን በወር ቆጥሮ ለሚቀበል የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያሳስበው ነገር የሚያድርበት ቤት ነው። የራሱ ቤት የሌለው ሰው የሌላውን ቤት ይከራያል፤ ሲከራይም ውል ይፈርማል። ውሉም ብዙውን ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት የሚቆይ ነው። ሰው ግን ነገ የሚሆነውን አያውቅምና፣ ዘመኑ ሳይሞላ ቤቱን እንዲለቅ የሚያስገድድ ነገር ይመጣበታል።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በአዲስ አበባ ለሁለት ዓመት ቤት ተከራይቶ፣ ልጆቹንም በአቅራቢያው ትምህርት ቤት አስገብቶ ሲኖር፣ በአምስተኛው ወር መጨረሻ ወደ ጎንደር እንዲዛወር የሚያዝ ደብዳቤ ደረሰው እንበል። ሥራውን ትቶ አይቀር፤ ቤቱንም ተሸክሞት አይሄድ። አከራዩ ግን «እርስዎ የፈረሙት ለሁለት ዓመት ነው፤ የቀረውን የ19 ወር ኪራይ ይክፈሉኝ» ቢሉት ምን ይመልሳል? በጎንደር ለሚከራየው ቤትና በአዲስ አበባ ባዶውን ለሚቀመጠው ቤት፣ ለሁለቱም ከአንድ ደመወዝ ሊከፍል ነውን? በሌላ በኩል ደግሞ አከራይዋ ከሁለት ክፍል ኪራይ በቀር ሌላ ገቢ የሌላቸው አንዲት ባልቴት ቢሆኑ፣ ተከራዩ በድንገት ቁልፉን አስረክቦ ሲሄድ የእርሳቸው ኑሮ ምን ይሆናል?

ይህ ጥያቄ በዘመናችን የተወለደ አይደለም። ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የዛሬው ንግግራችን ዓላማም ታሪኩን በአጭሩ መተረክ ነው። ታሪኩን የሚከታተል ሰው፣ ሕግ ቀስ በቀስ ሁለት ነገሮችን መጠየቅ እንደ ተማረ ይረዳል። አንደኛው «ተከራዩ የወጣው ለምንድን ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ተከራዩ በመውጣቱ አከራዩ በእውነት ምን ጎደለበት?» የሚለው ነው። የተከራይ መብት የሚመዘነው በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ነው።

የሮማ ሊቃውንት ፍርድ

የጥንቷ ሮማ ከተማ ሕዝቧ እጅግ የበዛ ነበር። ባለጸጎች በየግል ግቢያቸው ሲኖሩ፣ አብዛኛው ሕዝብ ግን «ኢንሱላ» በሚባሉ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ በተደራረበባቸው የኪራይ ቤቶች ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ከእነዚህም ቤቶች ብዙዎቹ ለትርፍ ሲባል በችኮላ የተሠሩ ስለ ነበሩ ግድግዳቸው ይሰነጠቅ፣ ጣሪያቸው ይወድቅ ነበር፤ እሳትም ቶሎ ይበላቸው ነበር። ስለዚህ የተከራይና የአከራይ ክርክር ለሮማ የሕግ ሊቃውንት የዘወትር ጉዳይ ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረ አልፌኑስ ቫሩስ የተባለ የሕግ ሊቅ፣ አንድ ተከራይ ፈርቶ ቤቱን ቢለቅ ኪራዩን ይከፍል እንደ ሆነ ተጠየቀ። ሊቁም የሚያስፈራ በቂ ምክንያት ከነበረ፣ አደጋው በእውነት ባይኖርም እንኳ ተከራዩ ዕዳ የለበትም፤ ለመፍራት የሚያበቃ ምክንያት ሳይኖረው ከወጣ ግን ይከፍላል ሲል መለሰ። በዚህ መልስ ውስጥ ያለውን አስተዋይነት እንመልከት። ሕጉ ተከራዩን ጣሪያው በራሱ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ተቀምጠህ ጠብቅ አላለውም። ይሁን እንጂ በሌሊት ሕልም የደነገጠ ሁሉ በማግሥቱ ውሉን እንዲያፈርስ አልፈቀደለትም። መመዘኛው አስተዋይ ሰው የሚቀበለው ምክንያት መኖሩ ነው።

በሁለተኛው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት የነበረው ጋዩስ ደግሞ ነገሩን ወደ ዕለት ኑሮ አቀረበው። ጎረቤት ቤት ሠርቶ የተከራዩን መስኮት ቢጋርድበትና ክፍሉ ቢጨልም፣ ተከራዩ ውሉን ትቶ መውጣት እንደሚችል አያጠራጥርም አለ። እጅግ የተበላሹትን በሮችና መስኮቶች አከራዩ ሳያድስ ቢቀር ፍርዱ እንደዚሁ እንደሚሆን ጨመረበት። እንግዲህ በጋዩስ አስተሳሰብ የኪራይ ገንዘብ የሚከፈለው ለአራት ግድግዳ ሳይሆን ለመኖሪያነት ነው። መኖሪያነቱ ከቀረ፣ የገንዘቡም ምክንያት ይቀራል።

ይህ ማለት ግን የሮማ ሕግ ለተከራይ ብቻ ያደላ ነበር ማለት አይደለም። ያው አልፌኑስ፣ አከራዩ አንዱን የቤት ክፍል በሚያድስበት ጊዜ ተከራዩ መጠነኛ አለመመቸት ቢደርስበት ታግሦ ሊያልፈው እንደሚገባ፣ ወዲያውም ኪራይ ይቀነስልኝ ሊል እንደማይችል ተናግሯል። ከእርሱም በኋላ የተነሣው ጳውሎስ የተባለው የሕግ ሊቅ (ይህ ከሐዋርያው ጳውሎስ ሌላ ነው) መሬት ተከራይቶ ያለ በቂ ምክንያት ዘመኑ ሳይደርስ ጥሎ የሚሄድ ሰው፣ የዘመኑን ኪራይ በሙሉ ሊጠየቅ እንደሚችል ጻፈ። ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ወሰን አኖረ፤ ይኸውም ሰውየው የሚጠየቀው የአከራዩ ጉዳት እስኪካስ ድረስ ነው የሚል ነው። አከራይ ጉዳቱን ያስመልሳል እንጂ በተከራዩ መውጣት አይከብርም ማለት ነው። ይህች ትንሽ ወሰን ብዙ ዘመን ሳትስተዋል ኖራ በመጨረሻ ታላቅ ፍሬ እንዳፈራች ወደ ኋላ እናያለን።

የእነዚህ ሊቃውንት ቃል በ533 በአውሮጳ አቆጣጠር በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ትእዛዝ «ዲጌስታ» በተባለው ታላቅ መጽሐፍ ተሰብስቦ ለትውልድ ተላለፈ። የሮማ ሕግ መንፈስ ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን አል-አሳል የተባለው የግብጽ ሊቅ በዓረብኛ ያዘጋጀውና ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ ስለ ሥጋዊ ፍርድ የሚናገረው ክፍል ከቀዳባቸው ምንጮች አንዱ «ፕሮኪሮን» የተባለው የቢዛንጥያ ነገሥታት የሕግ መጽሐፍ ነው። ይህም መጽሐፍ ከዮስጢንያኖስ ሕግ የተወለደ ነው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ»

በእንግሊዝ አገር ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1642 (ከዚህ በኋላ የውጭ አገሩን ታሪክ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እንነግራለን) በንጉሥ ቻርልስ 1ኛና በምክር ቤቱ መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት ጄን የተባለ ሰው ከፓራዲን የተከራየውን መሬት፣ ልዑል ሩፐርት ሠራዊቱን አስከትሎ ያዘበት፤ ተከራዩንም አስወጣው። እስከ 1646 ድረስም ወደ መሬቱ ሊመለስ አልቻለም። ፓራዲንም የኪራዩን ገንዘብ ጠይቆ ከሰሰ። ጄን ቀርቦ «ያስወጣኝ የጦር ሠራዊት ነው፤ ያልተጠቀምኩበትን መሬት ኪራይ እንዴት እከፍላለሁ?» በማለት ተከራከረ።

ጉዳዩ በ1647 በንጉሡ ችሎት ተፈረደ፤ ፍርዱም በጄን ላይ ሆነ። ዳኞቹ የሰጡት ምክንያት፣ አንድ ሰው በገዛ ውሉ ግዴታ ከገባ፣ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ካልተጠነቀቀ በቀር፣ የማይቀር አደጋ እንኳ ቢደርስበት ግዴታውን መፈጸም አለበት የሚል ነው። ድንገተኛ ትርፍ ቢመጣ የተከራዩ ይሆን ነበርና፣ ድንገተኛው ጉዳትም የእርሱ ይሁን ተባለ። በእኛ ቋንቋ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው ሆነ ማለት ነው።

ይህ ፍርድ ለምን እንዲህ እንደ ከበደ ለመረዳት፣ የእንግሊዝ ሕግ ኪራይን ያይ የነበረበትን ዐይን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ሕግ ኪራይ ማለት መሬትን ለተወሰነ ዘመን እንደ መግዛት ያህል ነበር። የገዛ ሰው ደግሞ ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም ዋጋውን ይከፍላል። ተከራዩ ትቶት ቢሄድም መሬቱ እስከ ዘመኑ መጨረሻ የእርሱ ነው፤ አከራዩም እጁን አጣጥፎ ኪራዩን መጠበቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ሕግ የሚታረስ መሬት ለሚከራይ ገበሬ ተስማምቶ ይሆናል፤ በከተማ አንዲት ክፍል ለሚከራይ ሰው ግን ከባድ ቀንበር ነበር።

ይህንንም ቀንበር በጥቂቱ ያላላው ሌላ ሠራዊት ነው፤ እርሱም የትኋን ሠራዊት ነው። በ1842 አንድ ባላባት በባሕር ዳር በምትገኘው በብራይተን ከተማ ዕቃው የተሟላለት ቤት ለአምስት ሳምንት፣ በሳምንት 8 ጊኒ ሒሳብ ተከራየ። ቤተ ሰቡ ገብቶ ሲያድር ቤቱ በትኋን የተሞላ ሆኖ ተገኘ። አከራዩ ለማስወገድ ቢሞክርም አልሆነም፤ ስለዚህ ባላባቱ የአንዱን ሳምንት ኪራይ ከፍሎ ወጣ። አከራዩም ለቀሩት ሳምንታት ከሰሰ። በ1843 የቀረበው ክርክር የተፈረደው ለተከራዩ ነው። ዕቃው ተሟልቶለት የሚከራይ ቤት ለሰው መኖሪያ የተገባ መሆኑ፣ በውሉ ባይጻፍም እንኳ እንደ ተጻፈ የሚቆጠር ነው ተባለ። የጋዩስ አሳብ ከ1,600 ዓመት በኋላ በትኋን ምክንያት ወደ እንግሊዝ አገር ገባ ብንል ከእውነት አንርቅም።

የተዛወረ ሠራተኛ መብት በጀርመን አገር

እስካሁን ያየነው ጉድለቱ የቤቱ ሲሆን ነው። ነገር ግን ቤቱ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ የተከራዩ ኑሮ ቢለወጥስ? በመነሻችን የጠቀስነው ወደ ጎንደር የተዛወረው ሠራተኛ ጭንቀት ይህ ነው። ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሰጡት ሕጎች አንዱ በ1896 ወጥቶ ከጥር 1 ቀን 1900 ጀምሮ የጸናው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

የዚህ ሕግ 570ኛው አንቀጽ፣ ወታደሮች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ካህናትና የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ፣ ለረጅም ዘመን የተፈረመውን የኪራይ ውል እንኳ በሕግ የተወሰነውን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው እንዲያቋርጡ ፈቀደላቸው። ምክንያቱም ሲታይ የቀና ነው። እነዚህ ሰዎች የሚንቀሳቀሱት በገዛ ፈቃዳቸው ሳይሆን በትእዛዝ ነው፤ መንግሥት በአንድ እጁ «ሂድ» እያለ በሌላ እጁ «ተቀመጥና ክፈል» ሊል አይገባም። ይሁን እንጂ መብቱ ልጓም ነበረው። የተዛወረው ሰው ማስጠንቀቂያውን መስጠት የሚችለው ለመጀመሪያው የተፈቀደ ቀን ብቻ ነበር፤ ዝም ብሎ ወራት ካሳለፈ በኋላ «ለካስ መብት ነበረኝ» ሊል አይችልም ነበር።

ይህ አንቀጽ ከ100 ዓመት በላይ ጸንቶ ኖሮ፣ የጀርመን የኪራይ ሕግ ሲሻሻል ከመስከረም 1 ቀን 2001 ጀምሮ ቀረ። የቀረውም የሠራተኛው ችግር ተንቆ አይደለም። አዲሱ ሕግ ዘመኑ ባልተወሰነ ውል ቤት የተከራየ ሰው ሁሉ፣ ሠራተኛም ሆነ ነጋዴ፣ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ምክንያት እንዲለቅ ስለ ፈቀደለት ነው። በዚህም አኳኋን የጥቂቶች ልዩ መብት የነበረው ነገር ወደ ብዙዎች ተዳረሰ። በአሜሪካም በ2003 የወጣው የወታደሮች ጥበቃ ሕግ፣ በትእዛዝ የሚዛወር ወታደር የመኖሪያ ቤት ውሉን በጽሑፍ አስታውቆ እንዲያቋርጥ ይፈቅድለታል።

ያልተገባበት ቤት

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ተከራዩ ሕግ የሚቀበለው ምክንያት ባይኖረውስ? ይህን ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ያብራራው በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት የተፈረደ አንድ ጉዳይ ነው።

በ1972 አንድ ወጣት ተማሪ ሊያገባ አስቦ በሀከንሳክ ከተማ ቤት ተከራየ። ውሉ ከግንቦት 1 ቀን 1972 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ሲሆን፣ ኪራዩ በወር 345 ዶላር ነበር። ነገር ግን ጋብቻው ፈረሰ። ወጣቱም ገና ወደ ቤቱ ሳይገባ፣ ግንቦት 19 ቀን ለአከራዩ ደብዳቤ ጻፈ። የደረሰበትን ገለጸ፤ ገንዘብ እንደሌለው አስታወቀ፤ አስቀድሞ የከፈለውም እንዲቀርበት ተስማምቶ ከውሉ እንዲያሰናብተው ለመነ። አከራዩ ለደብዳቤው መልስ አልሰጠም። ከዚያም በኋላ ያንኑ ቤት ለመከራየት የሚፈልግና የሚችል ሌላ ሰው ቢመጣ፣ «ተይዟል» ተብሎ ተመለሰ። ቤቱ ባዶውን ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። አከራዩም ወጣቱን ከስሶ በመጀመሪያ የጠየቀው 7,590 ዶላር ነበር።

የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1977 የሰጠው ፍርድ፣ ከእንግሊዝ አገር የተወረሰውን የጥንቱን አስተያየት ለወጠው። ፍርድ ቤቱ እንዳለው፣ የዛሬ ዘመን የቤት ኪራይ መሬት እንደ መግዛት የሚታይ ሳይሆን፣ እንደ ማናቸውም ውል የሚታይ ነው። በማናቸውም ውል የተጎዳ ሰው ደግሞ ጉዳቱ እንዳይበዛ መጣር ይገባዋል። ስለዚህ ተከራይ ጥሎ የሄደውን ቤት፣ አከራዩ ከሌሎቹ ባዶ ቤቶቹ እንደ አንዱ ቈጥሮ ለማከራየት መድከም አለበት፤ መድከሙንም የማስረዳት ግዴታ በእርሱ ላይ ነው። ያ አከራይ ግን የመጣለትን ተከራይ መልሶ ሰድዷልና ክሱ ተሰረዘ።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ጳውሎስ ከ1,700 ዓመት በፊት ያኖራት ያቺ ትንሽ ወሰን ጎልታ ትታያለች። አከራይ የሚካሰው በእውነት የጎደለበትን ያህል ነው። እጁን አጣጥፎ ያስፋፋው ጉዳት የራሱ ነው። በአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ሕጉ አንድ ዓይነት ባይሆንም፣ ይህ አስተያየት በብዙዎቹ ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል።

በአገራችን

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጸናው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ረቂቁን በማዘጋጀት ረገድ ዋና ተካፋይ የነበሩት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ይህ ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ከዚህም በላይ ስለ ውሎች በጠቅላላው በሚናገረው ክፍሉ፣ ውል ስለ ፈረሰበት ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን፣ ብዙ ችግርና ወጪ የማያመጣበትን ያህል ማድረግ እንዳለበት ይደነግጋል። እንግዲህ የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤት በ1977 በአውሮጳ አቆጣጠር የደረሰበት አሳብ፣ በእኛ ሕግ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለዋወጠ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ለብዙ ተከራይም አከራዩ ግለሰብ መሆኑ ቀርቶ ቀበሌና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ። በዘመናችን ደግሞ፣ በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ይህም አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ በቅድሚያ የሚከፈለው ገንዘብም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወሰነ።

የሁለት ዓመቱ ወሰን የተደነገገው ተከራይ በየጊዜው ከቤት እንዳይባረር ለመጠበቅ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ጋሻ ሆኖ የተሰጠውን ነገር እንደ እግር ብረት አድርጎ መቁጠር የሕጉን መንፈስ መሳት ነው። ስለዚህ ዘመኑ ሳይሞላ ለመልቀቅ የተገደደ ሰው በፍርሃት ከመሸማቀቅ ወይም በሌሊት ጓዙን ጭኖ ከመጥፋት ይልቅ፣ ስለ ማስጠንቀቂያ የተደነገገውን ከአዋጁና ከውሉ አንብቦ በሕግ መንገድ ቢወጣ ይሻለዋል።

ከተረክነው ታሪክ ለተከራይ የሚሆን ምክር ማውጣት አያስቸግርም። አልፌኑስ በቂ ምክንያት መኖሩን እንደ ጠየቀ ሁሉ፣ የሚለቅ ሰው ምክንያቱን የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ የዝውውር ደብዳቤም ቢሆን የጥገና ጥያቄ፣ በእጁ ይያዝ። የጀርመኑ ሠራተኛ ጊዜ እንዳያሳልፍ እንደ ታዘዘ ሁሉ፣ ነገሩን ባወቀበት ቀን ለአከራዩ በጽሑፍ ያስታውቅ፤ የጻፈውንም ግልባጭ ያስቀምጥ። የሀከንሳኩ ወጣት የዳነው በአንዲት ደብዳቤና፣ ቤቱን የሚፈልግ ሌላ ሰው መምጣቱን በማስረዳቱ ነው። እንግዲያው የሚለቅ ሰው ምትክ ተከራይ ፈልጎ ለአከራዩ ቢያቀርብ፣ አከራዩንም ራሱንም ይረዳል። ቤቱንም ሲያስረክብ ከአከራዩ ጋር ዞሮ አይቶ፣ የቁልፉን መረከቢያ ተቀብሎ ይሂድ።

አከራይም በበኩሉ ባዶ ቤት ተቆልፎ ዕዳ እንደማይወልድ ይወቅ። በመነሻችን የጠቀስናቸው ባልቴት የሚጠቀሙት፣ ወደ ጎንደር የሄደውን ሰው ለ19 ወር በፍርድ ቤት ሲያሳድዱ ሳይሆን፣ በወሩ ሌላ ተከራይ አግኝተው በመካከሉ የጎደለባቸውን ብቻ ሲካሱ ነው። ሠራተኛውም በአዲሱ ቦታው በሰላም ሥራውን ይጀምራል።

አባቶቻችን መንገደኛውን «በሕግ አምላክ» ብለው ሲያቆሙት ይቆም ነበር። የቆመውም ሕግ ለሁለቱም ወገን እኩል ይፈርዳል ብሎ ስላመነ ነው። የኪራይ ሕግም ከሮማ ጀምሮ በዚህ ሁሉ ዘመን የተጓዘው ወደዚሁ እኩልነት ለመድረስ ነው።